አልጋ ወራሾች

ከተማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚሰማ አንድ ጥሪ አለ፤ «ቆራሌው!» የሚል። ነገሩ በመጀመሪያ «ቆርቆሮ ያለው!» ነበር ይባላል። ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውል ሰው ጉሮሮውን ሊቆጥብ ቃሉን እያሳጠረ እዚህ አድርሶታል። ቆራሌው ከአጥር ውጭ ቆሞ ጓሯችሁን ማንበብ ይችላል። የተጣመመ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ፣ የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ ያለቀ ጫማ፤ ሁሉንም ገምቶ ይገዛል። የተሰበረ የእንጨት ወንበር አውጥታችሁ ስታሳዩት ግን ፊቱ ይለወጣል። «እሱን እንኳ ቡና አፍሉበት» ብሏችሁ መንገዱን ይቀጥላል።

ስለዚህ ወንበሩ ወደ ጓሮው ይመለሳል። የማንኛችንም ጓሮ ቢታይ የቁስለኞች ሰፈር ነው። ባለ ሦስት እግር ወንበር፣ ዶሮ የታቀፈችበት መሳቢያ፣ በሩ በአንድ ማጠፊያ የተንጠለጠለ ቡፌ። ባለቤቱን «ለምን አትጥለውም?» ብትሉት «ኧረ ይሠራል!» ይላችኋል። ይህቺ ቃል ሁልጊዜ ትገርመኛለች። ስትጻፍ አንድ ናት፤ ስትነበብ ሁለት። ላልታ ከተነበበች ዕቃው አሁንም ያገለግላል ማለት ነው። ጠብቃ ከተነበበች ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ይሠራዋል ማለት ነው። ጓሯችን የሞላው በጠባቂዋ «ይሠራል» ነው። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ ለሥራውስ ምን እንደሚከፈለው ግን ብዙም አናስብም።

እኔ ያን ሰው አግኝቻለሁ። የሚኖሩት ቆላ ድባ ነው።

ቆላ ድባን ለማታውቁ፦ ከጎንደር ወርዳችሁ አዘዞ ስትደርሱ አንደኛው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ሌላኛው የደምቢያን ሜዳ ሰንጥቆ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ፣ ጎርጎራ ላይ ጣና ሲገጥመው ይቆማል። አገሩ ሜዳ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ ክረምቱ ጭቃ። ጤፉና ሽምብራው የታወቀ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ የደምቢያን ሰው በሺዎች ከፈጀ በኋላ ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ ሲከፈት፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱበት ጤና ጣቢያ የተሠራው ቆላ ድባ ነበር። እናቴ የብረት አልጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው እዚያ ነው። «ሰው እንዴት ብረት ላይ ይጋደማል?» እያለች ስትገረም ኖራ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ ከጠፍር አልጋዋ አልወረደችም።

ጣጣ ያመጣብንም ይኸው የጠፍር አልጋ ነው።

አልጋ በአማርኛ ሁለት ነው። አንዱ ይነገሥበታል፣ አንዱ ይተኛበታል። ለሚነገሥበት አልጋ ስንት ደም እንደፈሰሰ የጎንደር ግንቦች ያውቃሉ። ለሚተኛበት አልጋ ደግሞ እኛ አራት ወንድምና እህት ከእናታችን ሙት ዓመት ማግስት ጀምሮ ሦስት ቀን ተኳረፍን። አልጋው አባቴ ጎጆ ሲወጣ ያሠራው ነው። አራቱ እግሮቹ ዋንዛ ናቸው፤ በመጥረቢያና በመሮ የተጠረቡ፣ ወገባቸው ቀጠን ብሎ ታችኛው ጫፋቸው የዳቦ ቅርጽ ያለው። አንድም ምስማር የለበትም። አንዱ እንጨት ሌላው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ በእንጨት ችንካር ተይዟል። አባቴ በሕይወት ሳለ ስለዚህ አልጋ ሲያወራ «የሠራልኝ አንድ የፈላሻ ጠይብ ነው፤ እጁ ወርቅ ነበር» ይል ነበር። በዘመኑ አጠራር መሆኑ ነው። የወርቅ እጁን ሰውዬ ስም ግን አንድም ቀን ነግሮን አያውቅም። የሚያውቀውም አይመስለኝም።

እኛ ስንደርስ አልጋው አልጋነቱ አልቆ ነበር። ራስጌና ግርጌው ደህና ነው። ሁለቱን ጎኖቹን ግን ምስጥ ከውስጥ ቦርቡሯቸዋል፤ በጣት ሲነኩ እንደ በሶ ይበናሉ። አንዱ እግር ተሰንጥቋል። ጠፍሩ ተበጣጥሶ በናይለን ገመድ ተተክቷል። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ አንዴ ዞሮት ፍርድ ሰጠ። «ይቃጠል። የምትወርሱት ትኋን ነው።» ባሕር ዳር ያለችው ታናሽ እህታችን አላቃጥልም አለች። እግሮቹን ብቻ ነቅለን ብንሸጣቸው፣ ቤታቸውን በባህላዊ ዕቃ የሚያስጌጡ ሆቴሎች በደስታ ይገዙናል ባይ ናት። ታላቃችን እታለም ዝም አለች። እናታችንን ያስታመመች እሷ ናት፤ ያን አልጋ ሲገለብጡ፣ ሲያነጥፉ፣ ጸሐይ ላይ ሲያወጡ መኖርም የእሷ ዕጣ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ «እኔ እተኛበታለሁ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወንድሜ «ምኑ ላይ?» ሲላት ነው ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ «ለምን አናጢው አያየውም?» ያሉት።

ጋሼን ያወቅሁት በዚህ ነው። ግቢያቸው ስትገቡ አናጢ ቤት የገባችሁ አይመስላችሁም። የወለቁ ማጠፊያዎች በገመድ ተሰክተው እንደ በርበሬ ዛላ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥለዋል። የመኪና ወንበር ስፕሪንግ በጆንያ፤ የዴስክ ብረት፣ የቡና ቤት ወንበር እግር፣ የልብስ ስፌት መኪና የብረት ገላ ተደርድሯል። የተሰነጠቀ የቡፌ መስታወት በጨርቅ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ወጥቷል። አንድ የሰፈር ልጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የተጣመመ ምስማር እየቀጠቀጠ ያቃናል፤ የተቃናው በርዝመቱ ተለይቶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ይገባል። ጋሼ በልጅነታቸው መርካቶ ምናለሽ ተራ ለዓመታት ሠርተዋል። በርሜል ምድጃ፣ ጣሳ ኩራዝ የሚሆንበት ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ። «እዚያ የተማርሁት አንድ ነገር ነው» አሉኝ። «ዕቃ ሲመጣ ምን ነበር ብለህ አትጠይቅ። ምን ተርፎታል ብለህ ጠይቅ።»

አልጋውን አራግፈን ስናስቀምጥላቸው ሐኪም ሳንባ እንደሚያዳምጥ ጎንበስ ብለው በመሮ እጀታ ኳ ኳ ያደርጉት ጀመር። ጆሯቸውን አስጠግተው እግሩን መቱ፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ጎኑን መቱ፤ እንደ ባዶ ቅል አጉረመረመ።

«ጋሼ፣ ይሆናል?» አልኳቸው።

«እግሩ ካንተ ልጆች በኋላም ይኖራል። እሚያስቸግረው ጎኑ ነው። ጎኑ ዋንዛ አይደለም፤ ባሕር ዛፍ ነው። ያን ጊዜ ዋንዛው አንሷቸው ይሆናል።»

«ታዲያ አዲስ ዋንዛ ከየት ይመጣል?»

ሳቁብኝ። «አዲስ ዋንዛ ምን ይሠራልሃል? እርጥብ እንጨት ቤት ከገባ በኋላ ነው እሚጣመመው። እኔ እምፈልገው ሠላሳ አርባ ዓመት ደርቆ፣ መጣመሙን ተጣሞ የጨረሰ ነው።»

እንዲህ ያለው ዋንዛ የት እንዳለ ያሳዩኝ ደግሞ ከተማውን አብረን ስንዞር ነው። ዛሬ አቅም ያገኘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለውጠው በሩን ነው። የእንጨቱን በር ነቅሎ የላሜራ በር ይገጥማል። የተነቀለው በር ከብት ማገጃ ወይም ማገዶ ይሆናል። ያ በር አብዛኛውን ጊዜ የድሮ ዋንዛ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል፤ ዋንዛው ግን አዋጁ ሳይደርስበትም ደርሶበትም ሲያልቅ ኖሯል። ጋሼ ስለ አዋጁ ብዙም ግድ የላቸውም። የእሳቸው ጫካ የሰው በር ነው። አንድ ቤት በር ሊለውጥ ነው ሲባል የሠርግ ወሬ የሰሙ ያህል ቀድመው ይደርሳሉ። ለእኛም አልጋ ከአንድ ጠላ ቤት የወጣ በር ተገኘለት። ቁልፉ የነበረበት ቀዳዳ አሁንም በአልጋው ግራ ጎን ላይ አለ። «ድፈኑት» ብላቸው «ለምን? ከየት እንደመጣ ይወቅ» አሉኝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። የጋሼ መሣሪያዎች ግማሹን በጣሊያንኛ ነው የሚጠሩት። ካቻቪቴ፣ ቪቴ፣ ሞርሳ፣ ኮላ፣ ሰጋቱራ። የጣሊያን ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ ጠብመንጃውን አስረክቦ፣ ቃላቱን ግን ለአናጢዎቻችን ጥሎ የሄደ ይመስላል። የተጣለ ነገር አንስቶ መጠቀም በእንጨት ብቻ አልተጀመረም። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወል ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ በሰሜኑ አገር የመድፍ ቀለህ ደወል ሆኖ የሚያገለግልባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ።

በመካከሉ ወንድሜ መጣ። ለሌላ ጉዳይ ነው ቢልም የመጣው አልጋው ምን እንደሆነ ሊያይ ነው። ጋሼ ግቢ ቁጭ ብሎ ስለ አዲሱ አልጋው ማማረር ጀመረ። ከውጭ የመጣ፣ ራስጌው ቆዳ መሳይ የለበሰ፣ የተገዛበትን ዋጋ እዚህ የማልጽፈው አልጋ ነበረው። ቤት ሲለውጥ ፈታትቶ ሊገጥመው ቢል ቪቴዎቹ አልይዝ አሉት። አንደኛው ወለቀ፣ ሁለተኛው ወለቀ፤ አልጋው አሁን በጡብ ተደግፎ ቆሟል።

ጋሼ እጃቸውን ከሥራቸው ሳያነሱ «ችፑድ ነዋ» አሉ። «እንጨት አይደለም፤ የተጋገረ ሰጋቱራ ነው። ቪቴ አንዴ ይገባበታል። ሲወጣ ቀዳዳው ዱቄት ይሆናል። ውኃ ከነካው ደግሞ ያብጣል። እኔ ዘንድ ሲመጣ ጠርዙን ቦርቡሬ የእውነት እንጨት ሽብልቅ ከትቼ፣ ቪቴውን እሽብልቁ ላይ አስራለሁ። ይይዛል። ግን ሥራው ከአልጋው ይበልጣል።»

በችፑድ ላይ አልፈርድም። አዲስ ተጋቢዎች ቤት እንዲያሟሉ ያስቻለ እሱ ነው። ደግሞም አስቂኙ ነገር፣ ችፑድ ራሱ ከእንጨት ፍቅፋቂና ከሰጋቱራ፣ ማለትም ከሚጣል ነገር በሙጫ ተጨፍልቆ የሚሠራ ነው። አንዴ ከተጨፈለቀ በኋላ ግን አሳልፎ የሚሰጠው ነገር የለም። እግሩ ለሌላ እግር፣ ጎኑ ለሌላ ጎን አይሆንም። የእናቴ አልጋ ችንካሩን ስትመቱት ይፈታል። የሠራው ሰው አንድ ቀን ሌላ ሰው እንደሚፈታው ያወቀ ይመስለኛል።

ወደ ጠፍሩ እንምጣ። ለጠፍር የበሬ ቆዳ ያስፈልጋል። ድሮ ቆዳ ገንዘብ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ዋጋው ወድቆ በበዓል ማግስት ቆዳ መንገድ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው አይተናል። ጋሼ ከሥጋ ቤት ያመጡትን ቆዳ ፀጉሩን ፋቁ፤ ከዚያ ከዳር ጀምረው በቢላ እየዞሩ፣ ሳይበጥሱ፣ ወደ መሐል ተለተሉት። ከአንድ ቆዳ አንድ ረጅም ጠፍር ወጣ። ጠፍሩ ውኃ ውስጥ አድሮ በማግስቱ እርጥቡን ወደ ጎኖቹ ቀዳዳ ይገባል፤ አንድ ጊዜ በላይ፣ አንድ ጊዜ በታች እየተሸመነ። ሲደርቅ ራሱ ይኮማተርና ይወጠራል። ሥራው ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ያስገባል፣ አንዱ ይስባል። ምስማር አቃኚው ልጅ ጉልበቱ አልበቃም። ጋሼ ዘወር ብለው ወንድሜን «ና እስቲ፣ አንተ ወፍራሙ» አሉት። ይቃጠል ያለው ሰው ጃኬቱን አውልቆ ሙሉ ቀን ሲስብ ዋለ። ማታ መዳፉ ተልጦ እታለም ቅቤ ቀባችለት። እሷም ስትቀባው አልሳቀችበትም፤ እኔና ታናሽ እህቴ ግን ውጭ ወጥተን ሳቅን።

ጋሼ አልጋ ብቻ አይደለም የሚሠሩት። መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት፣ ከባሕር ዳርም ከጎንደርም ዕቃ አልመጣ ሲል፣ የቆላ ድባ ሰው ሁሉ ጓሮውን ይዞ እሳቸው ዘንድ ይመጣ እንደነበር ነግረውኛል። አንድ ቀን ወደ አንድ ትምህርት ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ የተሰበሩ ዴስኮች ተቆልለዋል። አንዳንዱ እግሩ ተገንጥሎ፣ አንዳንዱ ጣውላው ወልቆ፣ በአንዳንዱ መሐል ደግሞ ሣር በቅሎበት። በመስኮት ወደ ውስጥ ብናይ ልጆቹ ድንጋይና የጭቃ መደብ ላይ ነበሩ። ጋሼ ክምሩን ዞሩትና «ከሦስቱ ሁለት ይወጣል» አሉ። የሚጎድል ዕቃ የለም ማለታቸው ነው፤ ከአንዱ ብረት፣ ከሌላው ጣውላ።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው። «የመንግሥት ንብረት ነው፤ ኮሚቴ ሳይወስን ማንም አይነካውም» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ የመንግሥት ንብረት አወጋገድ በሕግ የሚመራ ነው። በፌዴራል ደረጃ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649 ስለዚሁ ይደነግግ ነበር፤ በኋላ በሌላ ተተክቷል። ነገር ግን እኛ አስወግዱ አላልን፤ ጠግኑ ነው ያልነው። ለእኔ እንደሚመስለኝ እንቅፋቱ ሕጉ አይደለም። አዲስ ዴስክ ሲመጣ ርክክብ አለ፤ ንግግር፣ ጭብጨባና ፎቶግራፍ አለ። የተጠገነ ዴስክ ያስረከበ ባለሥልጣን በቴሌቪዥን አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጋሼን የእጅ ዋጋ የሚከፍል ደረሰኝ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ ኃላፊው ጠየቁኝ። ጋሼ ደግሞ ደረሰኝ የላቸውም። እኔ እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ ክምሩ እዚያው ነበር።

በፈረንጅ አገር ይሄ ነገር አዲስ ክብር አግኝቷል። በ2009 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ማርቲነ ፖስትማ የምትባል ጋዜጠኛ ሰዎች የተበላሸ ዕቃቸውን ይዘው የሚመጡበት፣ ከባለሙያዎች ጋር ቡና እየጠጡ የሚጠግኑበት ቤት ከፈተች። ዛሬ እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዙ አገሮች አሉ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 እ.ኤ.አ. አምራቾች አንዳንድ የቤት ውስጥ መሣሪያዎችን እንዲጠግኑ የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል። ይህን ስሰማ «እኛማ ድሮ!» ማለት ቃጥቶኝ ነበር። ግን ልዩነት አለው። አምስተርዳም ላይ የሚጠግኑት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በነጻ የሚሠሩት ሌላ የሚኖሩበት ገቢ ስላላቸው ነው። ጋሼ የሚኖሩት በዚሁ ነው። እኛም የምናስጠግነው ምድርን ለመታደግ ብለን አይደለም፤ አዲስ መግዣ አጥተን ነው። ገንዘብ ያገኘን ቀን የጋሼን በር የምናልፈው ፊታችንን አዙረን ነው።

ፊት ማዞሩ ደግሞ የቆየ ነው። በጣና ዙሪያ እጁ ዕቃ የሚያወጣ ሰው ሲናቅ ኖሯል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች ተንቀዋል። ቤተ እስራኤሎች ብረት ቀጥቅጠው ማረሻችንን ሠርተዋል፤ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠርተዋል፤ ለጎንደር ነገሥታት ግንበኛና አናጢ ነበሩ። የተከፈላቸው «ቡዳ» የሚል ስም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየጠራ የሚሳደብ እንደሚቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰው ነበር። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ቢበዛ ነው? ቤተ እስራኤሎቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሆነው በአውሮፕላን ሄዱ። የአባቴ አልጋ ሠሪ ከሄዱት መካከል ይኑር፣ ወይም ቀድሞ ሞቶ ይሁን፣ ስሙን ያልጠየቅነው ሰው ስለሆነ ልንፈልገው አንችልም።

ጋሼ የገበሬ ልጅ ናቸው። ይሁንና ከመርካቶ ተመልሰው መሮ ሲይዙ ዘመድ ተሰብስቦ «ምነው፣ መሬት አጣህ?» ብሏቸዋል። ሚስት ሲጠይቁ የልጅቱ ወገኖች ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት አስቆጥረዋቸዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እየሳቁ ነው። ያልሳቁት ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ነው። ባጃጅ ይነዳል። «ሥራውን አልጠላም፤ እንጀራው ነው። ግን ሰው 'አባትህ ምን ይሠራል?' ሲለው 'ነጋዴ' ይላል።» ምስማር አቃኚው ልጅስ ብላቸው «እሱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነው እሚመጣ፤ እናቱ አናጢ እንዲሆን አትፈልግም» አሉኝ። በየከተማው ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የእንጨት ሥራ ያስተምራሉ። ያገኘኋቸው ሁለት ተመራቂዎች አዲስ ወንበር ሠርተው አሳይተውኛል፤ ንጹሕ ሥራ ነው። የተሰበረ ወንበር ሰጥቼ ግን «ይሄን?» ስላቸው ተያዩ። «እሱማ ከአዲሱ ይከብዳል» አለኝ አንደኛው። ልክ ነው፤ ይከብዳል። አዲስ የሚሠራ ሰው እንጨቱን ያዝዛል። የሚጠግን ሰው የሌላ ሰው እጅ ምን አስቦ እንደነበር መረዳት አለበት።

አልጋው በስምንተኛው ቀን አለቀ። ሦስት ዓይነት እንጨት አለበት። እግሩ የአባቴ ዋንዛ፣ ጎኑ የጠላ ቤቱ በር፤ የተሰነጠቀው እግር ውስጥ የገባችው ቁራጭ ደግሞ ወይራ ናት፤ የማን እንደነበረች ጋሼም አያስታውሱም። ጠፍሩ ደርቆ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይላል። ስለ ውርሱ ማንም ሳያነሳ እታለም ፍራሿን ይዛ መጣች። ታናሽ እህታችን ፎቶ አነሳችው፤ ስለ ሆቴሎቹ ግን ትንፍሽ አላለችም።

የቀረው ሂሳብ ነበር። ጋሼ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ጽፈው ለእታለም ላኩላት። በር፣ ይህን ያህል። ቆዳ፣ ይህን ያህል። ኮላና ብርጭቆ ወረቀት፣ ይህን ያህል። ከታች ደግሞ «የእጅ» ይልና ከጎኑ «እንደ ወደዳችሁ» ይላል።

ወንድሜ ወረቀቱን አይቶ ቦርሳውን አወጣ። አንድ ነገር ሊሰጥ ነው፤ ደግ መስሎ የሚታይ፣ ከቆዳው ዋጋ ትንሽ ከፍ የሚል ነገር። እታለም እጁን ያዘችው። «'እንደ ወደዳችሁ' የሚባል ዋጋ የለም» አለች። «አባታችንም እንደ ወደደ ነው የከፈለው።» ወረቀቱን አጥፋ ለምስማር አቃኚው ልጅ ሰጠችው። «በልልኝ፤ ቁጥር ይጻፉበት።»

ወረቀቱ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የተመለሰው። «እንደ ወደዳችሁ» በአንድ መስመር ተሰርዞ ከላዩ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩም አንዴ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል፤ የመጀመሪያው ያንሳል። ሁለተኛው ወንድሜ ካሰበው እጥፍ ነበር። ትንሽ አጉረምርሞ ከፈለ።